የማክሰኞ ድካም ከእሑድ ይመጣል፦ የአንዲት መምህርት የማያስቴኒያ ግራቪስ ጉዳይ

አጥኚዋም ተጠኚዋም እኔው ነኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ጡንቻን የሚያደክመው ይህ ሕመም የጀመረኝ በ31 ዓመቴ ሲሆን ስሙን ያወቅሁት ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ነው። ሐኪሞች ስለ እኔ የጻፉት ወፍራም ፋይል አለ። ፋይሉ የሚያውቀኝ ግን በቀጠሮ ቀን ብቻ ነው፤ በቀጠሮ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ደህና ነኝ። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሰዋለሁ፤ የመጀመሪያ መሆኑን ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነበር። ሰሌዳው ላይ ረዥም እኩልታ እየፈታሁ ነው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ “መምህር፣ እኩልታው እየወረደ ነው” አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ሳየው እውነቱን ነበር፤ መስመሩ በዓይኔ ትይዩ ጀምሮ በደረቴ ትይዩ ነው ያለቀው። ክንዴን አላመመኝም፣ አልደነዘዘም፣ አልተንቀጠቀጠም። ብቻ አልነሣ አለኝ፤ የጠሩት ሰው እንዳልሰማ ሆኖ እንደሚያልፈው ነው። ተቀምጬ የቤት ሥራ ማረም ጀመርኩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ ክንዴ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ለየብቻው ሲታይ ትንሽ ነበር። ጸጉሬን ስታጠብ ሁለት እጆቼን ከራሴ በላይ ማቆየት አቃተኝ፤ ክርኔን ግድግዳ ላይ አስደግፌ መታጠብ ተማርኩ። ማታ ማታ ደረጃው ሁለት ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ አንድ ዓይኔን ስጨፍን አንድ ይሆናል። ምግብ ግማሽ ላይ ስደርስ አገጬን በመዳፌ መደገፍ አመጣሁ። ባለቤቴ እያሰብኩ የተመሰጥኩ ይመስለው ነበር፤ እኔ ግን መንጋጋዬን እየረዳሁ ነበር። በአንድ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ላይ ሁሉም ይስቃል፤ እኔ የተቆጣሁ እመስላለሁ። የሳቅሁት እኔ ከሁሉም አብልጬ ነው፤ የከንፈሮቼ ጠርዝ ግን አልተነሣም።

ወረፋ የሚያድነው በሽታ

ሐኪም ቤት የሄድኩት የግራ ዓይኔ ሽፋን ወርዶ የዓይኔን ብሌን በግማሽ ሲሸፍን ነው። ወረፋ ስጠብቅ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሳልናገር፣ ጭንቅላቴን ግድግዳው ላይ አስደግፌ። ስሜ ተጠርቶ ስገባ ሽፋኑ ተነሥቷል። ሐኪሙ ጉልበቴን በመዶሻ መታ፣ እጁን ጨብጬ እንድገፋው አደረገኝ፣ ሁሉም ደህና ሆነ። “እንቅልፍ ይተኙ” ብሎ ሸኘኝ።

ይህ ነገር በተለያዩ ቦታዎች በጠቅላላው አራት ጊዜ ደረሰብኝ። የዚህ በሽታ ተንኮል ዕረፍት ማስታገሻው መሆኑ ነው፤ የሕክምና ወረፋ ደግሞ ሳይፈለግ የሚሰጥ ዕረፍት ነው። ምርመራው ጠዋት ነው፣ ሕመሙ ከሰዓት በኋላ ነው። ምርመራው ጡንቻውን አንድ ጊዜ ይፈትነዋል፤ ሕመሙ የሚታየው በአርባኛው ጊዜ ነው። የዓይን ሐኪሙ መነጽር አዘዘልኝ፤ ሁለት ቀን አደረግሁት። ሌላው ጭንቀት ነው አለኝ፤ በነገሩ እጨነቅ ስለነበር መልስ አላገኘሁለትም።

መላ ያገኘችለት አምስተኛዋ፣ የነርቭ ሐኪም ናት። አልደበደበችኝም፣ አልገፋችኝም። “አንገትዎን ሳያነሡ በዓይንዎ ብቻ ጣራውን ይመልከቱ፤ እስክነግርዎ አያውርዱ” አለችና ሰዓቷን ያዘች። አርባ ሰከንድ ገደማ ሲሆን የግራ ሽፋኔ እንደ መጋረጃ ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ከአንድ እስከ መቶ ጮክ ብዬ እንድቆጥር አዘዘችኝ። ስልሳዎቹ ውስጥ ስገባ ድምፄ በአፍንጫዬ መውጣት ጀመረ፤ ሰማንያ ላይ የራሴን ቁጥር ለራሴ አላውቀውም ነበር። በመጨረሻ በጓንት የተጠቀለለ በረዶ የወረደው ሽፋን ላይ ለሁለት ደቂቃ አስቀመጠች። ሲነሣ ዓይኔ ተከፍቷል። ቅዝቃዜ በነርቭና በጡንቻ መካከል ያለውን መልእክት ለጊዜው ያሻሽለዋል፤ ሙቀት ደግሞ ያዳክመዋል። ያን ቀን ከሁሉ የደነቀኝ ግን በረዶው ሳይሆን አንድ ሰው ድካሜን ከመጠየቅ ይልቅ እስኪመጣ መጠበቁ ነው።

የቀረው ማረጋገጫ ነበር። የደም ምርመራው የሰውነቴ መከላከያ በስህተት በራሴ ላይ የሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት አገኘ። ነርቭን በሰከንድ ሦስት ጊዜ በኤሌክትሪክ እየነኩ የጡንቻውን ምላሽ ሲለኩ ምላሹ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው እየቀነሰ ሄደ፤ ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ የዚህ ሕመም ምልክት ነው። የደረት ሲቲ ስካን ደግሞ ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው የታይመስ ዕጢ ላይ እብጠት አለመኖሩን አሳየ።

ትርፉ ሲያልቅ

“ማያስቴኒያ ግራቪስ” የሚለው ስም ከግሪክና ከላቲን የተዋሰ ነው፤ ከባድ የጡንቻ ድካም ማለት ነው። ጡንቻው ራሱ ግን ደህና ነው፤ ነርቩም ደህና ነው። ችግሩ ያለው ሁለቱ በሚገናኙበት ቀጭን ክፍተት ላይ ነው። ነርቭ ጡንቻን ለማዘዝ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ይለቅቃል፤ ጡንቻው ላይ ያሉ ተቀባዮች ይይዙታል። በእኔ ሰውነት ውስጥ የመከላከያ ሥርዓቱ እነዚህን ተቀባዮች እንደ ጠላት ቆጥሮ ያፈርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት ተመራማሪዎች ከኤሌክትሪክ ዓሣ የወሰዱትን ይህን ተቀባይ ጥንቸሎች ውስጥ ሲያስገቡ ጥንቸሎቹ ልክ እንደ እኔ ደከሙ፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ በዳይ መሆኑን ለማመን ትልቅ መንገድ የከፈተው ያ ሙከራ ነው።

ለምን እንደሚዋዥቅ የገባኝ ሐኪሟ “ትርፍ” የሚለውን ቃል ስትጠቀም ነው። ጤነኛ ሰው ጡንቻው እንዲንቀሳቀስ ከሚያስፈልገው መልእክት ብዙ እጥፍ ይልካል። ነርቭ ደጋግሞ ሲታዘዝ የሚለቅቀው ኬሚካል በየምቱ በትንሹ ይቀንሳል፤ ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። ትርፍ ያለው ሰው መቀነሱን አያውቀውም። የእኔ ተቀባዮች ስላነሱ ትርፌ አልቆ ልክ በመስመሩ ላይ እኖራለሁ። መስመሩ ላይ ላለ ሰው ትንሽ ነገር ሁሉ ትልቅ ነው፤ ግማሽ ዲግሪ ትኩሳት፣ አንድ ያልተተኛ ሌሊት፣ አምስት ተጨማሪ ደቂቃ ንግግር። ተማሪዎቼ ኅዳግ ላይ ያለ እሴት ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ራሴን በምሳሌነት ላቅርብ ብዬ ተመኝቼ አውቃለሁ፤ አላደረግሁትም።

በዚህ ነገር የመጀመሪያዋ አለመሆኔ አጽናንቶኛል ማለት ይከብደኛል፤ ቢያንስ ግን ዕብድ አለመሆኔን ነግሮኛል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ስለ አንዲት ሴት ጽፏል፤ መናገር ስትጀምር በነፃነት ትናገራለች፣ ብዙ ከተናገረች በኋላ ግን እንደ ዓሣ ድዳ ትሆናለች፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ድምፅዋ ይመለሳል። ይህችን ሴት ከማንም ዘመዴ በላይ አውቃታለሁ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ እኔ ነኝ።

ኪኒኑና ሰዓቱ

የመጀመሪያው መድኃኒት ፒሪዶስቲግሚን ነው። አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ጥቂቱ መልእክት ክፍተቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የዚህ ሐሳብ እናት ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ1934 ለንደን ግሪኒች በሚገኘው ቅዱስ አልፌጅ ሆስፒታል ስትሠራ፣ ይህ ሕመም ኩራሬ በሚባል ጡንቻን በሚያሽመደምድ መርዝ ከመመረዝ ጋር እንደሚመሳሰል ሰማች። እንዲህ ከሆነ ለኩራሬ የሚሰጠው ማርከሻ፣ ፊሶስቲግሚን፣ ለዚህስ ለምን አይሞከርም ብላ ለአንዲት የ56 ዓመት ታካሚ በመርፌ ሰጠቻት። የታካሚዋ ዓይን ተከፈተ፣ መዋጥ ቻለች፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ወደ ነበረችበት ተመለሰች። ያ “ከጥቂት ሰዓታት በኋላ” የሚለው ነገር ዛሬም የእኔ ሕይወት ነው።

60 ሚሊ ግራም እውጣለሁ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ ክፍሉ ውስጥ መብራት እንደበራ ያህል ፊቴ ይመለሳል። ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል። ሆድ ይቆርጣል፣ ምራቅ ያበዛል፣ አንዳንዴ የታችኛው የዓይን ሽፋኔ ብቻውን ይርገበገባል። ሲደክመኝ አንድ ልጨምር ማለት ደግሞ ወጥመድ ነው፤ ከመጠን ሲያልፍ ኪኒኑ ራሱ ጡንቻን ያደክማል፣ ከውጭ ሲታይም የትኛው ድካም ከየት እንደመጣ አይለይም።

ኪኒኑ ምልክቱን እንጂ መንስኤውን አይነካም። መንስኤውን ለማረጋጋት ፕሬድኒሶሎን የተባለ፣ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ ተጨመረ። ሐኪሟ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። አባሰውም። ለመዳን የተሰጠ መድኃኒት እየዋጡ መውረድ ከባድ እምነት ይጠይቃል። በኋላ የፕሬድኒሶሎኑን መጠን ለመቀነስ እንዲያግዝ አዛታዮፕሪን የተባለ ሌላ የመከላከያ ሥርዓትን የሚገታ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እሱ ሥራውን እስኪጀምር ወራት ያስቆጥራል። የመከላከያ ሥርዓቱ አካል የሆነው የታይመስ ዕጢዬም በቀዶ ሕክምና ወጣ። እብጠት በሌለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ቀዶ ሕክምና መጥቀሙ በሚገባ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ፣ 126 ታካሚዎችን በተከታተለ ጥናት ነው። ጥቅሙ የሚታየው ግን በወራትና በዓመታት ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ በየጠዋቱ መስታወት ፊት እየቆምኩ ዓይኔን ማየቴ ሞኝነት ነበር።

አሥራ ሦስት

ከቀዶ ሕክምናው አራት ወር በፊት ልሞት ነበር። የዚህን ክፍል ዝርዝር አላሳጥርም፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚጠቅም ቢኖር ይህ ነው።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞኝ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። የሕመሜን ስም ተናገርኩ፤ ሐኪሙ ሰምቶት እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ጻፈልኝ። ይህና የእሱ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች የነርቭንና የጡንቻን መልእክት ያደናቅፋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለባቸው ሰዎች እንዳይወስዷቸው ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ እንዲታተም አድርጓል። መውሰድ የሌለብኝ መድኃኒቶች ዝርዝር ተሰጥቶኝ ነበር፤ በአራት ታጥፎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ አላወቀም፣ እኔ አላነበብኩም። ጥፋቱን ለሁለት ስናካፍለው የእኔ ድርሻ አያንስም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ውኃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ተመለሰ። አንገቴ ራሴን መሸከም ስላቃተው አገጬን በቡጢዬ ደግፌ ተቀመጥኩ። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ስቀመጥ ይቀላል። ሐኪሟ ያስተማረችኝ አንድ ነገር ነበር፤ አየር እስከ መጨረሻው ስቦ ሳይተነፍሱ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብሎ በፍጥነት መቁጠር። በደህናዬ ቀን 43 እደርሳለሁ። ያን ምሽት 24 ላይ ቆምኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስሞክር 13 ሆነ። ባለቤቴ ቁጥሩን ሰምቶ ምንም ሳይለኝ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጣቴ ላይ መለኪያ ተሰካ፤ ኦክስጅኔ 97 በመቶ ነበር። ተረኛው ወጣት ሐኪም በደግነት “ኦክስጅንዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ይረጋጉ” አለኝ። የሰው ሕይወት ሊያልፍ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ሳንባ ደህና ነው፤ የደከመው ሳንባውን የሚጎትተው ጡንቻ ነው። ወናፉ ደህና ሆኖ ወናፍ ነፊው ሲደክም እሳቱ ወዲያው አይጠፋም። ስለዚህ የጣት መለኪያው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ የሚወርደው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። መለካት ያለበት የትንፋሹ መጠንና ኃይል ነው። እኔ መናገር አልችልም ነበር፤ ባለቤቴ ግን “በአንድ ትንፋሽ ያስቆጥሯት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያስቆጥሯት” እያለ ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ሐኪሙ አስቆጠረኝ። ዘጠኝ። ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ፈጣንና ትክክል ነበር።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስድስት ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ቆየሁ፤ ለአምስት ቀናት ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ማለትም ከለጋሾች ደም የተወሰዱ ፀረ እንግዳ አካላት፣ በደም ሥሬ ተሰጠኝ። አእምሮዬ ንቁ ነበር፤ የሚሰማ እንጂ የሚናገር አካል አልነበረኝም። በዓይን ጥቅሻ መልስ ስጪ ሲሉኝ፣ የዓይን ሽፋኔ ከሁሉ የባሰ የደከመው መሆኑን ማንም አላሰበም። ባለቤቴ በሦስተኛው ቀን የልጃችንን የፊደል ገበታ ይዞ መጣ። ረድፉን በጣቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፈለግሁት ፊደል ላይ ሲደርስ እጁን እጨብጣለሁ። ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ወደ ጎን ይሄዳል፤ እንደገና እጨብጣለሁ። መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ አግድም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት የነጥብ አቀማመጥ ነው። የመጀመሪያው የጻፍኩት ቃል “ትራስ” ነበር። አንድ ደቂቃ ተኩል ፈጀ።

ደብተሩ

ከሆስፒታል ስወጣ ደብተር ጀመርኩ። በየቀኑ ኪኒን የዋጥኩበት ሰዓት፣ የተኛሁት ሰዓት፣ ጠዋትና ማታ በአንድ ትንፋሽ የቆጠርኩት ቁጥር፣ ዓይኔ የወረደበት ሰዓት፣ የሠራሁት ሥራ። ለዘጠኝ ወራት ጻፍኩ። የጠበቅሁት ግልጽ ነበር፤ ብዙ በሠራሁበት ቀን ብዙ እደክማለሁ። ደብተሩ ግን ይህን አላለም። ከባድ ሥራ በሠራሁባቸው ቀናት ቁጥሬ ብዙ ጊዜ ደህና ነበር፤ ምንም ባልሠራሁባቸው አንዳንድ ቀናት ደግሞ ወለሉ ላይ ነበርኩ። በሽታው ሕግ የለውም ብዬ ልዘጋው ስል አንድ ማታ ተማሪ ቢያቀርብልኝ የምለውን አሰብኩ። የሥራውን ዓምድ በአንድ ቀን፣ ከዚያ በሁለት ቀን ወደ ታች ገፍቼ እንደገና አስተያየሁት። ማክሰኞዎቼ ከእሑዶቼ ጋር ገጠሙ። እሑድ እንግዳ የሚመጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ብዙ የሚወራበት ቀን ነው፤ ሰኞ ተበድሬ እሠራለሁ፣ ማክሰኞ እከፍላለሁ።

ሐኪሟ ሰንጠረዡን በጥሞና አየችው። “የሁለት ቀን ሕግ የሚባል ነገር የለም፤ ሌላ ታካሚ ላይ ላይገኝ ይችላል። እርስዎ ላይ ካለ ግን ይጠቀሙበት” አለችኝ። ሌሎቹ ግኝቶች ለእሷ አዲስ አልነበሩም። ኢንፌክሽን ሲይዘኝ ቁጥሬ የሚወርደው ትኩሳቱ ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት ነው። ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት እንደ ብዙ ሴት ታካሚዎች እኔም እደክማለሁ። ሙቅ ውኃ መታጠብ ከሰዓት በኋላዬን ይወስደዋል።

ከመጥፎ ቀኖቼ ሲሶ ያህሉ ግን የትም ቢገፉ ከምንም ጋር አልገጠሙም። በምክንያቱ ዓምድ ውስጥ ሰረዝ ብቻ አለባቸው። ለረዥም ጊዜ እነዚያን ሰረዞች እንደ ራሴ ጥፋት ቆጠርኳቸው፤ የጠፋ ነገር፣ ያላስተዋልኩት ነገር አለ እያልኩ የደብተሩን ዓምዶች ወደ አሥራ ዘጠኝ አሳደግሁ። ያ ስህተት ነበር። ደብተሩን ለመሙላት የማወጣው ጉልበት ደብተሩ ውስጥ መመዝገብ የነበረበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። አሁን አራት ዓምድ ብቻ ነው ያለኝ። ምክንያት ላላቸው ቀናት አስቀድሜ እዘጋጃለሁ፤ ሰረዝ ላላቸው ቀናት ደግሞ ምትክ አለኝ። እያንዳንዱ ትምህርት ያለ እኔ ድምፅ ሊሄድ በሚችል ወረቀት ላይ ተጽፎ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ድምፄ ሲሄድ ወረቀቱን አድላለሁ።

“ትላንት ግን…”

ከድካሙ ይልቅ ያደከመኝ ማስረዳቱ ነው። ሰው ሁሌ የታመመን ይረዳል፣ ሁሌ ጤነኛ የሆነንም ይረዳል፤ በሦስት ሰዓት ልዩነት ሁለቱንም የሆነን ሰው ግን ይጠረጥራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት የደብተር ክምር ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ስወጣ አይቶኛል፤ ከሰዓት ወደዚያው ፎቅ በሊፍት ልውጣ ስል ደግሞ “ትላንት ግን… ኧረ ዛሬ ጠዋትም…” ብሎ ዝም አለ። ንግግሩን ቢጨርሰው መልስ እሰጠው ነበር።

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የምችለውንና የማልችለውን ዘርዝሮ የሚናገር የሕክምና ማስረጃ ብቻ ጠየቁኝ። ችግሩ ዝርዝሩ ከሰዓት ሰዓት የሚለወጥ መሆኑ ነው። ሁለት ማስረጃ ወሰድኩላቸው፤ አንዱ ከባድ ሆኖ ከሥራ ሊያስወጣኝ ደረሰ፣ ሌላው ቀላል ሆኖ ምንም አላስገኘም። ሦስተኛውን ሐኪሟ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምራ ጻፈችው፦ አቅሟ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መለዋወጡ ራሱ የሕመሙ መለያ ነው። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ስለ እውነተኛነቴ መሆኑ ቀርቶ ስለ ክፍለ ጊዜ ድልድል ሆነ። ክፍሎቼ ጠዋት ተደረጉ፣ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል አንድ ባዶ ተሰጠኝ፣ ምድር ቤት ወረድኩ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ድምፅ ማጉያ ተገዛልኝ። ጥያቄው ከባድ አልነበረም፤ አጻጻፉ ነበር የጠፋው። ለተመሳሳይ ታካሚዎች የምመክረው ካለ፣ ሐኪማችሁ ምን እንደማትችሉ ሳይሆን እንደምትለዋወጡ እንዲጽፍ ለምኑት ነው።

ከባለቤቴ ጋር የነበረን ጠብ ሌላ ዓይነት ነበር። ከዚያች ሌሊት በኋላ ጠባቂዬ ሆነ። ዕቃ ሳነሣ ይነጥቀኛል፣ ስስቅ “አትድከሚ” ይላል። አንድ ቀን “እኔ ልጠይቅህ፤ ካልጠየቅሁህ ተወኝ” አልኩት። “አንቺ አትጠይቂም እኮ፤ ያኔም 24 ስትሆኚ ዝም ብለሽ ነበር” አለኝ። ትክክል ነበር። አሁን ስምምነታችን በቁጥር ነው፤ ከ30 በላይ ከሆንኩ እጁን ይሰበስባል፣ ከ30 በታች ከሆንኩ አልከራከርም፣ ከ20 በታች ከሆንኩ ወደ ሆስፒታል ነው። ቁጥሮቹ የተመረጡት ለእኔ ነው፣ ከሐኪሟ ጋር። ልጃችን ስምምነቱን ከሁለታችንም በተሻለ ታከብረዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ “እማዬ፣ ዛሬ ስንት ነሽ?” ትለኛለች። ጎረቤት ፊት ስትጠይቀኝ ዕድሜዬን መስሏቸው ይስቃሉ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ቀዶ ሕክምናው ከተደረገልኝ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ፕሬድኒሶሎን ከ50 ሚሊ ግራም ወደ 7.5 ወርዷል። ፒሪዶስቲግሚን በቀን አምስት ጊዜ የነበረው ሁለት ጊዜ ሆኗል። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ዝርዝር አሁን አልታጠፈም፤ በፕላስቲክ ተለብጦ ከመታወቂያዬ ጋር ይወጣል፣ ቅጂው ባለቤቴ ጋር አለ። ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ከትከሻዬ በታች ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ ተማሪዎች አንዳንዴ ቆመው ያያሉ።

ባለፈው ወር ሐኪሟ ፕሬድኒሶሎኑን ወደ 5 ለማውረድ ሐሳብ አቀረበች። ስንቀንስ ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሳንቀንስ ደግሞ አጥንቴና የደም ስኳሬ እንደሚጎዱ ሁለታችንም እናውቃለን። ከማጠቃለያ ፈተና በኋላ ይሁን አልኳት፤ ተስማማች። ቀኑን ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር ተውኩ። ትላንት ማታ 41 ቆጠርኩ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ የግራ ዓይኔ ወርዷል፤ በምክንያቱ ዓምድ ላይ ሰረዝ አድርጌያለሁ።